ስርዓተ ክወናውን መጨረሻ ላይ ቀይሩ፦ የቤት ኮምፒውተርን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስለ ማዛወር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ለተባለው ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ለሚያሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለቤት ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ እንደ አማራጭ አቅርቧል፤ ይህ ግን ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። ኮምፒውተሩ ጥገናው ስለ ቆመ ብቻ ሥራውን አያቆምም፤ ደብዳቤም ይጽፋል፣ ፊልምም ያሳያል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚገኙት የደኅንነት ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ይህን ለማስቀረት ወደ ዊንዶውስ 11 እንሂድ ስንል ደግሞ አዲሱ ስርዓት ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ የሆነው ፕሮሰሰር ኢንቴል ከሆነም በአጠቃላይ ስምንተኛው ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ እንዲሆን ይፈልጋል። በየቤታችን የሚገኙት፣ አብዛኞቹም ሌላ አገር አገልግለው ወደ እኛ የመጡት የአራተኛ፣ የአምስተኛና የስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ይህን መስፈርት አያሟሉም።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ አዲስ መግዛት ቢችል ነገሩ ይቀልለት ነበር፤ ዛሬ ባለው ዋጋ ግን አዲስ ላፕቶፕ ለብዙ ደመወዝተኛ የወራት ገቢ ነው። መስፈርቱን በብልሃት አልፎ ዊንዶውስ 11ን መጫንም ይቻላል፤ ሆኖም ኩባንያው እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ዝማኔ ለመላክ ኃላፊነት አይወስድም። አንድ ሌላ ነገርም በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ቤት ያለው ዊንዶውስ ፈቃድ ያልተከፈለበት፣ በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ መቆለፊያውን በሚሰብር ፕሮግራም፣ የሚሠራ ነው። ክራኩን ለመጫን በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ እንባላለን፤ ማን እንደ ሠራው ለማናውቀው ፕሮግራም የቤታችንን ቁልፍ በገዛ እጃችን እንሰጠዋለን፤ ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር የባንክ ሒሳባችንን እንከፍታለን። ልጆቻችን የትምህርት ቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት መሣሪያ በዚህ ዓይነት መሠረት ላይ እንዲቆም መፍቀዳችን ያሳስበኛል። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሌላ ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክስን፣ ለቤት የምመክርበት ቀዳሚ ምክንያትም ይኸው ነው፦ ከባለቤቶቹ በቀጥታ፣ በነፃ፣ ሕግ ሳይጣስ ይወሰዳል።

ስለ ሊኑክስ ምንነት ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ1991 የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ጀመረው፤ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ነፃ ስርዓተ ክወና ለመሥራት ካወጀው የግኑ ፕሮጀክት ሥራዎች ጋር ተጣምሮ ሙሉ ስርዓተ ክወና ሆነ፤ ዛሬ በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም ከሥሩ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በስርዓቱ እምብርት፣ ነው። ለቤት የሚሆነው በልዩ ልዩ ስም ተሰናድቶ ይቀርባል። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ኡቡንቱንና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በ2006 የተጀመረውን ሊኑክስ ሚንትን አብዛኞቻችሁ በስም ታውቁ ይሆናል። ለጀማሪ ቤተሰብ ሚንትን እመርጣለሁ። ሜኑው እንደ ለመድነው ከታች በግራ በኩል ነው፤ በ4 ጊጋባይት ራም በምቾት፣ በ2 ጊጋባይትም ቢሆን ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 22ኛው እትም እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት ዝማኔ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ሰዎች ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ሲነሡ የመጀመሪያው ሥራቸው ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ባዶ ማድረግ፣ ነው። ከዚያ በኋላ የአማርኛ ጽሑፋቸው እንደማይነበብ፣ የለመዱት የአጻጻፍ ዘዴ እንደሌለ፣ የሒሳብ ፕሮግራማቸው እንደማይከፈት ይደርሱበታል፤ በሳምንቱም ተመልሰው ዊንዶውስ ያስጭናሉ፤ ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም የሚለው ወሬም ከዚያ ይነሣል። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። ስርዓተ ክወናው የሚቀየረው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በፊት፣ ገና ዊንዶውስ ላይ እያለን፣ ጽሑፋችንንና የዕለት ተዕለት ፕሮግራሞቻችንን ወደ የትም ሊሄዱ ወደሚችሉበት መልክ እናምጣቸው። ይህን ያደረገ ሰው ፎርማት የሚያደርግበት ቀን ሲደርስ የሚቀረው ሥራ የአንድ ከሰዓት ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የቆየው ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የአንድ ዕድር ጸሐፊ የሆኑ አባት የብዙ ዓመታት ቃለ ጉባኤና የአባላት መዝገብ የያዘ ፎልደር በፍላሽ ይዘውልኝ መጥተው ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ከፈትነው። አንዳንዱ ሰነድ ጥርት ባለ አማርኛ ተከፈተ። ከዚያ የቀደመው ግን ምልክት የተደረደረባቸው የላቲን ፊደላት፣ የጥቅስ ምልክቶችና የገንዘብ ምልክቶች ተቀላቅለው የሞሉት ገጽ ሆነ፤ የአባላቱ ስም፣ የተወሰነው ውሳኔ፣ የተቆረጠው መዋጮ አንዱም አይነበብም። አባታችን ሰነዱ በቫይረስ የተበላ መስሏቸው ደነገጡ። ሰነዱ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ 345 ፊደላት፣ አኀዞችና ሥርዓተ ነጥቦች የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው ቦታ ስላልነበራቸው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይቀመጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ፎንቱ በዚያ ቦታ የሳለውን የአማርኛ ፊደል ነው። አንድ ፎንት በዚህ ዘዴ የሚኖረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኀዞቹ ሲጨመሩ ቦታው ጨርሶ አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለ፣ ሌላው ፊደሉን ከቁርጥራጭ እየገጣጠመ ሠራ፤ ሁሉም በየራሱ ቅደም ተከተል አስቀመጠ። ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲነሣ ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደልነቱ የሚመለሰው፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈውም በሌላው የማይነበበው ለዚህ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ አማርኛን በኮምፒውተር ለማጻፍ የደከሙትን ሰዎች ሥራ አከብራለሁ፤ በእነርሱ ድካም የተጻፈው እንዳይጠፋ ማድረግ ግን አሁን የእኛ ድርሻ ነው።

ሰነዳችሁ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ እያላችሁ ክፈቱትና ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ፎንቱን ኤብሪማ ወደሚባለው ቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ያለ ሥጋት የትም ይሄዳል። ወደ ላቲን ፊደል ወይም ወደ ባዶ ሳጥን ከተለወጠ የድሮው ነው፤ ሳታስቀምጡ ዝጉትና የፎንቱን ስም መዝግቡ። እንዲህ ላለው ሰነድ ሦስት ነገር እመክራለሁ። በመጀመሪያ፣ ፎንቱ በሚሠራበት በዚያው ኮምፒውተር ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ፤ በፒዲኤፉ ውስጥ ቃል መፈለግ ባይቻልም ዓይን የሚያነበው መልኩ ተጠብቆ ይቆያል፤ መታተምም ይችላል። ቀጥሎ፣ የፎንቱን ፋይል ራሱን ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ የፎንቱ ፈቃድ እስከፈቀደ ድረስ ሊኑክስ ላይም ይጫናል፣ ሰነዱም በአብዛኛው እንደ ቀድሞው ይነበባል። የመጨረሻውና ዘላቂው መፍትሔ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። መለወጫው ለየፎንቱ የተለየ ሰንጠረዥ ስለሚያስፈልገው፣ ከለወጣችሁ በኋላ የተቀየረውን ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያያችሁ ማንበብ አለባችሁ። ዲቃላ ፊደላትንና የግዕዝ አኀዝን በተለይ ተመልከቱ፤ ስሕተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። አጭር ደብዳቤ ከሆነ እንደገና መተየብ ይቀላል።

ዩኒኮድ በሆነው ጽሑፍም ቢሆን የሚቀር ነገር አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የምናውቀው ኒያላ ፎንት ከሊኑክስ ጋር አብሮ አይመጣም። ሰነዱ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ አርባ ገጽ የነበረው ጽሑፍ አርባ ሦስት ሊሆን፣ ማውጫው ሊፋለስ፣ ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ገጽ ሊገፋ ይችላል። መፍትሔው ከአሁኑ በሁለቱም ስርዓት ላይ በነፃ ወደሚጫን ፎንት መሸጋገር ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ ለዚህ ይሆናሉ። ማይክሮሶፍት ወርድን ሊብሬኦፊስ በተባለው ነፃ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም የመተካቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሊብሬኦፊስ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል፤ ስለዚህ ሊኑክስን ሳትነኩ አንድ ሁለት ወር ተለማመዱበት። ሜኑው የት እንዳለ የማታውቁበትን ጊዜ፣ ወርድ አጠገባችሁ እያለ ብታሳልፉት ይሻላል። ለኢንተርኔት ፋየርፎክስን፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲን የምትጠቀሙ ከሆነ በሊኑክስም ያው ራሳቸው ናቸው፤ የቴሌግራም የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ አለ።

የአጻጻፍ ዘዴው ከዚህ ይለያል። የአማርኛ መጻፊያ የሆነውን ፓወር ግዕዝን ለዓመታት የለመደ እጅ ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ስለ ሆነ ሊኑክስ ላይ አያገኘውም። በምትኩ አይባስ በሚባለው የግቤት ፕሮግራም አማካይነት ሴራ የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ መጠቀም ይቻላል፤ የ«s»ን ቁልፍ ስትመቱ «ስ» ይወጣል፣ አስከትላችሁ «e»ን ስትመቱ ወደ «ሰ»፣ «a»ን ብትመቱ ደግሞ ወደ «ሳ» ይለወጣል። ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ስለሚገኝ፣ አንዱን የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በሁለቱም ላይ መጠቀም ይቻላል። ስለዚህ ኪማንን ዛሬውኑ ዊንዶውስ ላይ ጫኑና እጃችሁን አስለምዱ። ጣት የለመደውን ቶሎ አይተውም፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚማረረው በፊደል አጻጻፉ እንደ ሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በትዕግሥት የቀጠለው ግን ይለምደዋል።

ወደ ሊኑክስ የማይሄድ ነገር እንዳለም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ባለሙያ የሚሠራበት ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የፎቶ ማስተካከያው ፎቶሾፕና የንድፍ መሥሪያው አውቶካድም ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። ዋይን የሚባለው ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያሠራል፤ ነገር ግን የሰው እንጀራ የተመሠረተበትን ሥራ በዋይን ላይ እንዲጥል ማንንም አልመክርም። በኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ በሚያከናውን የትእዛዝ ስብስብ፣ የተሠራ የደመወዝ ወይም የዕቃ መቆጣጠሪያ ያለው ሰውም ፋይሉን በሊብሬኦፊስ ከፍቶ እያንዳንዱ ስሌት በትክክል መሥራቱን ሳያረጋግጥ አይነሣ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን ጫኑ፣ ወይም ያንን ኮምፒውተር ተዉትና የልጆቹን ቀይሩ። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መዛወር የለበትም። ይልቁንም አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን መግቢያ ከፍቶ፣ ፕሮግራም ለመጫን የሚያስችለውን የይለፍ ቃል ማን እንደሚይዝ ወስኖ መጀመር ያስፈልጋል። የቤቱ አዋቂ የሆነው ልጅ ብቻ የሚያውቀው ኮምፒውተር ልጁ ለትምህርት ከቤት የወጣ ዕለት የማንም አይሆንም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ሙከራው ይከተላል። የሚንት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን የሚበላ ስለ ሆነ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ መገልበጥ ያምራችሁ ይሆናል። ክፋት የለውም፤ ግን በየትኛውም መንገድ ብታገኙት በሚንት በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከተቀመጠው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ሳታመሳክሩ አትጠቀሙበት፤ ከክራክ ሸሽተን የተነካካ ፋይል ብንጭን ድካማችን ከንቱ ነው። ፋይሉን እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ጻፉት፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አስቡ። ኮምፒውተሩን በፍላሹ ስታስነሡት ሚንት ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪን ብርሃን መቀነሻውን ሞክሩ፤ ላፕቶፑን ከድናችሁ ስትከፍቱት መንቃቱን ተመልከቱ፤ ፕሪንተር ካላችሁ አንድ ገጽ አትሙ። የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው አያስቸግሩም፤ አንዳንድ ሌዘር ፕሪንተሮች ግን ከአምራቹ የሚወርድ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ይፈልጋሉ። ዋይፋዩ ካልሠራ ተስፋ አትቁረጡ፤ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ ብታጋሩት የድራይቨር ማኔጀሩ የጎደለውን ሊያወርድ ይችላል።

ከመጫኑ በፊት የሁሉም ፋይል ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱም ከዚያ ኮምፒውተር ውጭ ይሁን። ከዚያ ሁለት የዊንዶውስ ነገሮችን ተመልከቱ። ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ ምስጠራ በርቶ ከሆነ አጥፉት፣ ቢያንስ 48 አኀዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ በወረቀት ጻፉ፤ ያለዚያ ዊንዶውስ በማግስቱ ቁልፉን ሲጠይቃችሁ የምትሉት ይጠፋችኋል። ፈጣን ማስነሻ የተባለውንም አጥፉ፤ በርቶ ከቀረ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ከሊኑክስ በኩል ፋይል መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ጎን ለጎን የምትጭኑ ከሆነ ዊንዶውስ የያዘውን የዲስክ ክፍል የምታሳንሱት በዊንዶውስ በራሱ የዲስክ ማስተካከያ ይሁን። ይህ ሥራ በመካከል ከተቋረጠ የዲስኩን ይዘት ሊያበላሽ ስለሚችል መብራት ለሚቆራረጥበት ቤታችን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፦ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል በሚሰጠው መሣሪያ፣ በዩፒኤስ፣ ላይ ሆኖ ካልሆነ አትጀምሩ። ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ ይቆጠር።

ከተጫነ በኋላ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር ልጥቀስ። ሁለቱ ስርዓቶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትከፍቱ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ባትሪ አልቆ አይደለም። ሊኑክስ በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ስለሚቀድም ልዩነቱ ልክ ሦስት ይመጣል። ሊኑክስ የአገር ሰዓቱን እንዲያስቀምጥ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ሰዓት የተሳሳተበት ኮምፒውተር የባንክንና የኢሜይልን ገጾች ሊከለክል ስለሚችል ችላ አይባልም።

የዝማኔ አስተዳዳሪውን በመጀመሪያው ቀን አሠሩ፤ ታይምሺፍት የተባለውን መጠባበቂያም አብሩት፤ ዝማኔ አንድ ነገር ቢያበላሽ ስርዓቱን ወደ ነበረበት ቀን ይመልስላችኋል። የግል ፋይላችሁን ግን በነባሪው አሠራር ስለማይጠብቅ ለእርሱ ውጫዊ ዲስክ ያስፈልጋችኋል። የዊንዶውሱን ክፍል ለማንሣት አትቸኩሉ። የዓመቱን የዕድር ሪፖርት ወይም የልጃችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ ኅትመቱ ድረስ ሊኑክስ ላይ ጨርሱ፤ በመካከል ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ያስገደዳችሁን ነገር ሁሉ በወረቀት መዝግቡ። የተመዘገበው ነገር መፍትሔ ሲያገኝ ክፍሉን አንሥታችሁ ቦታውን ለሊኑክስ መስጠት ትችላላችሁ፤ ፒችትሪው እዚያ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ይቆይ፤ ከኢንተርኔት ተለያይቶ ለዚያ ሥራ ብቻ ያገልግል።